በሬ የታየባቸው ቀኖች

ደስ ሲለኝ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «የዚች ልጅ ደስታ እግሯ ላይ ነው» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራብኝ ነበር። ስለዚህ የዚያን ለት ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም በማስተምርበት ኮሌጅ የመምህራን ክፍል ውስጥ ላፕቶፔ ያንን ሥዕል ሲያወጣልኝ፣ ወንበሬን በእግሬ ገፍቼ ተነሣሁና ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እልልም ብያለሁ፤ አልክድም። ጥግ ላይ የፈተና ወረቀት ያርም የነበረው የሒሳብ መምህር ቀና ብሎ፣ ሽማግሌ ተላከልሽ እንዴ አለኝ። ከሱ ይበልጣል አልኩት። መነጽሩን አስተካክሎ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሥዕሉ የተዘቀዘቀ ዛፍ ነው። ከታች አርባ ቅጠል አለው፤ እያንዳንዷ ቅጠል አንዲት ካሬ ናት። ካሬ የምለው ተራራ ላይ በአራት ካስማና በገመድ ያጠርኩትን፣ ጎኑ ሁሉ አሥር አሥር እርምጃ የሚሆን የሣር መሬት ነው። የሚመሳሰሉ ካሬዎች በአንድ ቅርንጫፍ ይገናኛሉ፤ ቅርንጫፎቹ ደግሞ እየተጋጠሙ ወደ ላይ ይወጣሉ። የኔ ዛፍ ሁለት ግንድ ብቻ አወጣ። ሃያዋ ካሬ በአንድ ወገን፣ ሃያዋ በሌላ ወገን፤ መሃል ላይ የምታመነታ አንዲት እንኳ የለችም። የማስተርስ ጽሑፌን ከጀመርኩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አላየሁ።

ነገሩ የኔ ዲግሪ ብቻ ቢሆን እኔም ይህን ያህል ባልዘለልኩ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ መንገድ በሚኒባስ ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ ወርደው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚደረስባቸው ሁለት ተራሮች አሉ፤ በመሃላቸው ሸለቆ ነው። እኔ የወዲሁና የወዲያው እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሁለቱም የበሬ ግጦሽ ናቸው፤ ላሙና በጉ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ተራራው ለበሬ ይጠበቃል። ሣሩ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ስለሄደ፣ የወረዳው የግጦሽ ኮሚቴ ከሁለቱ ይበልጥ የተጎዳውን ለሦስት ዓመት ከከብት ሊዘጋ ወሰነ። የትኛው ይዘጋ ሲባል ግን ሁለቱ ሰፈሮች ተከራክረው ተከራክረው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ፣ መምህርቷ እየለካች አይደል፣ የሷን እንስማ ተባለ። ተራራው የተዘጋበት ሰፈር ለሦስት ዓመት በሬውን የት ያሰማራል? ያንን አላህ ነው የሚያውቀው።

ተራራ ለተራራ ያዞሩኝ ሰው ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው የወዲሁ ተራራ ሥር ነው፤ በሬዎቻቸውም እዚያው ተራራ ላይ ነው የሚግጡት። ባለቤታቸው ደግሞ የወዲያው ሰፈር ልጅ ናቸው፤ ወንድሞቻቸው እስከ ዛሬ እዚያ ያርሳሉ። እኔ እሳቸውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው መምህርት ይሉኛል፣ ስደናቀፍ ደግሞ «አብሽሪ» ይሉኛል። በቀን ሃያ ጊዜ እደናቀፍ ስለነበር፣ እኔን ከመጥራት ይልቅ እኔን ማጽናናት ነበር ሥራቸው።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ወሩ የእርሻ ወር ስለሆነ ሥራ ባለበት ቀን ሩቅ መሄድ አይችሉም። እርፉን ለትልቁ ልጃቸው አስይዘው ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ይወጡልኛል፤ ስለዚህ ከቤታቸው በላይ ያለውን የወዲሁን ተራራ እንሠራለን። ሙሉ ቀን ነፃ የሆኑ ለት ሸለቆውን ተሻግረን የወዲያውን እንሠራለን። ለምን ነፃ እንደሆኑ ጠይቄያቸው አላውቅም። «ነገ ነፃ ነኝ» ሲሉኝ አልሃምዱሊላህ ብዬ ጫማዬን መወልወል ብቻ ነበር የኔ ፈንታ።

በየካሬዋ አሥራ አንድ ነገር እጽፋለሁ። አራቱ በቁጥር የሚጻፉ ናቸው፤ የቦታው ከፍታ፣ የሣሩ ቁመት፣ የአፈሩ ጥልቀት፣ ከመሬቱ ምን ያህሉ ራቁቱን እንደቀረ። ሁለቱ በስም ናቸው፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ቀይ ነው ወይስ ግራጫ፣ የበዛው ሣር ደግሞ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ ነው ወይስ ሌላ። አንዱ በደረጃ ነው፤ ቦታው ሜዳ ነው፣ ዘንበል ያለ ነው ወይስ ቀጥ ያለ። የቀሩት አራቱ አዎ ወይም አይ ብቻ ናቸው። በሬ ታይቷል? እረኛ ታይቷል? ትኩስ እበት አለ? ትኩስ ኮቴ አለ?

ችግሩ ይህን ሁሉ ቅልቅል ይዞ አንዷ ካሬ ከሌላዋ ምን ያህል እንደምትርቅ መናገር ነው። መቼም ሜትርና ቀይ አፈር አይደመሩም። እኔ ግን መጀመሪያ ደምሬያቸዋለሁ። ጥቁርን አንድ፣ ቀይን ሁለት፣ ግራጫን ሦስት ብዬ ለኮምፒውተሩ ሰጠሁት፤ እሱም ምን ቸገረው፣ ቀይ አፈር የጥቁር እጥፍ ነው ብሎ አምኖ ቁጭ አለ። ከፍታው ደግሞ በሺህ ስለሚቆጠር የሌላውን ሁሉ ድምፅ ዋጠው። አማካሪዬ፣ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፣ ይህን በስልክ ስነግራቸው እየሳቁ መንገዱን አሳዩኝ። ሁሉንም አንድ ላይ አትለኪ፣ ለየብቻ ለኪና በኋላ አማካዩን አውጪ አሉኝ። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሁለት ቤተሰብ ሲያስተያዩ እንደሚያደርጉት ነው፤ ዕድሜን በዕድሜ፣ ጠባይን በጠባይ፣ ዘርን በዘር ያያሉ እንጂ ዕድሜን ከጠባይ ጋር አይደምሩም። በየዓይነቱ ፍጹም ከተመሳሰሉ ዜሮ፣ ፍጹም ከተለያዩ አንድ፣ መሃል ከሆኑ በመሃል ያለው። ከዚያ አሥራ አንዱን ደምሮ ለአሥራ አንድ ማካፈል። በቃ፣ የሁለት ካሬዎች ርቀት ይኸው ነው።

ይህን አድርጌ ነው ያ ባለ ሁለት ግንድ ዛፍ የበቀለልኝ። የወዲሁ ተራራ ሃያ ካሬዎች አንድ ላይ፤ በሬ የለም፣ እረኛ የለም፣ እበት የለም፣ ዕረፍት ያገኘ መሬት። የወዲያው ሃያዎቹ አንድ ላይ፤ በሬው፣ እረኛው፣ እበቱ፣ ኮቴው ሞልቶ። ለአማካሪዬ ወዲያው ደወልኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ እንዲህ የጠራ ነገር ያስፈራኛል፣ ለሁለት የከፈለው ምን እንደሆነ እይው አሉኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማሁት «የጠራ» የምትለዋን ብቻ ነው። የወዲሁን በአረንጓዴ፣ የወዲያውን በቀይ ነጠብጣብ አድርጌ አተምኩት። ቀይ ማለት ይዘጋ ማለት ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሳምንቱ ነበር። እኔ ግን ሳምንት የምታገሥ ሰው አይደለሁም፤ በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቴን ጠቅልዬ ወደ መሪዬ ቤት ገሠገሥኩ።

የገብስ ቆሎና እርጎ ቀረበልኝ። ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘርግቼ፣ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ፣ ያን ሁሉ ነገር አስረዳኋቸው። አባባ የራሳቸው ተራራ አረንጓዴ መሆኑ ሲገባቸው ደስታቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ሚስታቸው ፊት ተቀምጠዋላ። ጢማቸውን ይዳብሳሉ፣ ጣራውን ያያሉ፣ እንደ መሳል ይላሉ። እማማ ቆሎውን አንድ አንድ እየለቀሙ ወደ ሰሃኑ ይመልሱ ጀመር። ወንድሞቻቸው ናቸው ቀይ የሆኑት። እኔ ደግሞ በደስታዬ ሰክሬ ይህንን እንኳ አላስተዋልኩም፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አባባ ወሬ ለመለወጥ ይመስለኛል፣ ሳማ ላይ የተቀመጥሽባት ካሬ የትኛዋ ናት ብለው ጠየቁኝ። ያቺን ቀንማ ማን ይረሳታል! የወዲያው ተራራ ላይ ደክሞኝ ሳላይ ሳማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እስከ ማታ ቆሜ ነው የዋልኩት። ዝርዝሩን አየሁና ነገርኳቸው፤ አሥራ ሦስተኛዋ ካሬ፣ ግንቦት ሃያ አንድ።

«አዎን፣ ማርያም ነበረች» አሉ ኮራ ብለው።

በረዶ የመታንስ አሉኝ። አዩ፣ እሱም የወዲያው ላይ ነው አልኳቸው፤ ሰኔ አሥራ ሁለት። ሰኔ ሚካኤል አሉ፣ ቅዳሴ ወጥቼ ነው የመጣሁልሽ። ሸለቆው ውስጥ ዱላዬ የተሰበረብኝስ? ግንቦት ሃያ ሰባት አልኳቸው። መድኃኔዓለም አሉ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወረቀቱን አዩት፤ ማንበብ አይችሉም፣ ቀይና አረንጓዴውን ግን ያያሉ። ከዚያ የወዲያውን ቀን ሁሉ ከላይ ጀምሬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

አነበብኩ። እኔ ቀኑን ስጠራ እሳቸው ከሥር ከሥሬ በዓሉን ይጠራሉ። አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል። አሥራ ስድስት፣ ኪዳነ ምሕረት። አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል። ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ። ሃያ ዘጠኝ፣ ባለ ወልድ። በመሃል እሑድ፣ እንደገና እሑድ። ድምፃቸው እየቀጠነ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ መጣ። አሁን የወዲሁን አንብቢ አሉኝ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አምስት። በአንዱም ላይ ምንም አላሉም። የሚሉት የለማ፣ ሁሉም የእርሻ ቀን ነው።

ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም፤ አልጋው ይነቃነቃል፣ ዕንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። እኔ ምን እንደሚያስቃቸው ሳላውቅ እሳቸውን እያየሁ መሳቅ ጀመርኩ።

«መምህርት» አሉኝ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ማሽንሽ የለየው ተራራ አይደለም እኮ። በዓልና የሥራ ቀን ነው የለየው።»

አጀብ! በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ስለዚህ ተራራ ላይ ነው የሚውለው፣ ይኸኛውም ያኛውም። በሥራ ቀን ሁሉም በሬ ቀንበር ሥር ነው፤ ተራራው ባዶ ነው፣ ይኸኛውም ያኛውም። እኛ ደግሞ በሥራ ቀን ቅርቡን፣ በበዓል ሩቁን ስንሠራ ከርመናል። የወዲያውን ተራራ ሁልጊዜ በሬ የሚያጨናንቀው የመሰለኝ፣ እኛ ሁልጊዜ በበዓል ስለምንሄድ ነው። እኔ የመካነ ሰላም የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ጁምዓን አውቃለሁ፣ ዒድን አውቃለሁ፤ የወር በዓል የማውቀው ግን ጎረቤት ለዝክር ሲጠራን ነው። ወር ሙሉ በማርያምና በሚካኤል ስመራ ከርሜ፣ ወላሂ አንዲት ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። ያን ሁሉ ርቀት አስልቼ፣ ያን ሁሉ ዛፍ አብቅዬ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት ማንኛውም ቄስ በቃሉ የሚያውቀውን ነው። ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባባም አልጋው ላይ ተጋደሙ። አንዳችን ስናቆም ሌላችን «ባለ ወልድ» እንላለን፣ እንደገና እንጀምራለን።

ያቆመን የእማማ ድምፅ ነው። እሳቸው አልሳቁም ነበር።

«ታዲያ የወንድሞቼ ተራራ ቀይ አይደለማ?» አሉ። ገና አላውቅም አልኳቸው፣ እንደገና ማስላት አለብኝ። እማማ ወደ ባላቸው ዞር ብለው አዩዋቸው። «የኛስ አረንጓዴ መሆኑን በምን አወቅን?»

አባባ የሳቅ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ቀና ብለው ተቀመጡ። የተናገሩት ነገር የራሳቸውን ተራራ ሊያስዘጋ እንደሚችል የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በእጃቸው ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው እንጂ። እኔም ወረቀቴን ጠቅልዬ ወጣሁ፤ ሚኒባሱ ላይ ግን ሳቁ እየመጣብኝ ተቸገርኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች።

መብራት ስለጠፋ ሥራውን የጀመርኩት በሁለተኛው ቀን ነው። ስህተቴ አንድ አልነበረም። በሬ፣ እረኛ፣ እበት፣ ኮቴ ብዬ አራት ጊዜ የጠየቅኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በሬ ካለ እረኛው አለ፣ እበቱም አለ፣ ኮቴውም አለ። አንድ ምስክር አራት ጊዜ ተነሥቶ እንዲመሰክር ፈቅጄለታለሁ። በዚያ ላይ አዎና አይ መሃል የለውም፤ ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ። ሣሩ ግን ረጋ ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚለያየው፣ ስለዚህ ማንም አልሰማውም። አራቱንም አወጣኋቸው። የቀሩት ሰባቱ በዓል አያውቁም። የአፈር ጥልቀት ለሚካኤል ብሎ አይጨምርም።

አዲሱ ዛፍ እንደ ፊተኛው አያምርም፤ ሦስት ግንድ አለው፣ መሃል ላይ የሚያመነቱ ካሬዎችም አሉት። ግን ሳየው እግሬ እንደገና ተነሣ። እውነት ነበራ! አንዱ ወገን ሣሩ የረዘመ፣ ጓሳው የበዛ፣ አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ። ሌላው ወገን ሣሩ ምላስ የማይዘው፣ አፈሩ ሳስቶ ድንጋዩ ያገጠጠ። መሃል ያለው ገና ያልለየለት። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞርኩት፤ ሁለተኛውን ስጀምር የትኛው ተራራ የት እንደወደቀ አየሁ። ከጥቂቶቹ በቀር የወዲሁ ካሬዎች ሁሉ ካገጠጠው ወገን ናቸው። የአባባ ተራራ ነው የሚዘጋው። ቁጭ አልኩ። የሒሳቡ መምህር ዛሬስ ምነው አለኝ።

አልዋሽም፣ ክፉ ሐሳብ መጥቶብኛል። የፊተኛውን ወረቀት ይዤ ብቀርብ ማን ያውቃል? አማካሪዬ ሩቅ ናቸው፤ እማማና አባባ ደግሞ ከቤታቸው የሰሙትን አያወጡም። ሌሊቱን እንዲህ እያልኩ አድሬ ጠዋት ላይ ተናደድኩ፤ በራሴ፣ በበሬውም፣ ሣሩን በጋጠውም በማንም። እየተናደድኩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

አባባ ደጃቸው ላይ ቀንበሩን ከሞፈር የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ይቀጥሉ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። ምራኑን ሳይለቁ ሰሙኝ። ከዚያ ሣሩን የለካሽበት ቀን አያሳስትም ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሣር በበዓልም በሥራ ቀንም ቁመቱ ያው ነው አልኳቸው። እሱማ ልክ ነሽ አሉ። እኔም ስህተቱን ማን እንዳገኘው ለማንም እንደማልናገር ማልኩላቸው። እዚያ ሰፈር ነዋሪ ናቸው፤ የጎረቤቶቻቸውን በሬ ከተራራ ያስወረዱት እሳቸው ናቸው ቢባል ማን ሰላም ይላቸዋል? አባባ ምራኑን ጠበቅ አድርገው አሰሩና «አብሽሪ» አሉኝ።

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። የወዲሁ ሰዎች በግራ፣ የወዲያው ሰዎች በቀኝ ተቀምጠዋል፤ እማማ ግን ከሴቶቹ ጋር ከኋላ፣ መሃል ላይ ነው የተቀመጡት። የፊተኛውን ወረቀት አሳየኋቸው፣ ቀጥዬ ለምን ውሸት እንደሆነ ነገርኳቸው። በዓልና የሥራ ቀን የምለው ላይ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ግራውም ቀኙም ሳቀ። አንድ ሽማግሌ፣ መምህርት በዓል መቁጠሪያ በኛ ቤት አለ፣ ለምን ተራራ ወጣሽ አሉኝ። እኔም ከነሱ ጋር ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃል። ከዚያ አዲሱን ወረቀት ዘረጋሁት፤ የግራው ወገን ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ከግራ በኩል አንድ ጎልማሳ ተነሣ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። የፊተኛው ወረቀት ለኛ ነበር፣ ማን ነው ስህተት ነው ብሎ የነገራት አለ። እኔው ራሴ በኋላ አስተዋልኩት አልኩ፤ ድምፄ ግን ለራሴም አልታመነኝ። ጎልማሳው፣ አንቺ በዓል ከየት አውቀሽ ብሎ ሊቀጥል ሲል፣ ከጎኑ አባባ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«እሷ በዓል አታውቅም» አሉ። «የነገርኳት እኔ ነኝ። አስቤ አይደለም የነገርኳት፣ ስቄ ነው። ቅድም ሁላችሁም ስቃችኋል፤ እኔ ቀድሜያችሁ ሳቅኩ፣ ጥፋቴ እሱ ነው።»

ጎልማሳው ቁጭ አለ፤ ከሁሉ በላይ ጮኾ የሳቀው እሱ ነበር። እኔ ዓይኔ ዕንባ ሞላ፤ ከኋላ እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ አየሁ። አባባ ቆመው ቀሩ፣ ቁጭ ማለቱንም የረሱት ይመስለኛል።

ያኔ ከቀኝ በኩል የእማማ ታላቅ ወንድም ተነሡ። ረጅም ሰው ናቸው፣ ንግግር አያበዙም።

«እኔ ከመምህርት ወረቀት የገባኝ አንድ ነገር ነው» አሉ። «በሬ ተራራ የሚወጣው በበዓል ነው። በሥራ ቀንማ ቀንበር ሥር ነው፣ ማታም ጭዱን ቤቱ ይበላል። እንግዲያው ተራራቸው እስኪያገግም፣ በበዓል በሬያቸው ወደኛ ይምጣ።»

ከሳቸው በፊት ይህንን ያሰበ የለም፤ እኔም አላሰብኩትም! ያ ያሳፈረኝ ስህተት መፍትሔውን ራሱ ይዞ ቆይቷል። ደስታዬ እግሬ ላይ ወጣ፣ ብዘልል ደስ ባለኝ፤ ግን ተራራው የሁለት ሰፈር በሬ እንዳይጫነው ስለፈራሁ አስቸገርኳቸው። ግማሽ ቀን ተከራከርን። ከየቤቱ አንድ ጥንድ ብቻ፣ ከተዘጋውም ተራራ ሣሩ ሲደርስ በማጭድ እየታጨደ ለሁለቱም ሰፈር እንዲከፋፈል ተስማሙ። አባባ ሲወጡ አማቻቸው ትከሻቸውን አቅፈው ነበር የሚሄዱት። ጽሑፌን በኋላ ሳቀርብ አማካሪዬ ያሞገሱት ዛፉን አይደለም፤ የስህተቴን ምዕራፍ ነው። አሁን የምሞላው ቅጽ ላይ አሥራ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ በዓል ነው ወይ?

ይኸው ተራራው ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የወዲሁ ጓሳ ጉልበቴ ደርሷል። አባባ ልጃቸው ስልክ ገዝቶላቸዋል። በየወሩ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ብሆን እንኳ፣ ቅዳሴ ሲወጡ ይደውሉልኛል። ከጀርባቸው ነፋስ ይሰማል፣ የበሬ ደወል ይሰማል፣ የአማቻቸው ሳቅም ይሰማል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«መምህርት» ይሉኛል፣ «ዛሬ ሚካኤል ነው። በሬዎቼ እነ አማቼ ተራራ ላይ ናቸው። እንዳትቆጥሪያቸው።»